የዘይነባ ቅዳሜዎች

ባለፈው ክረምት ሶዶ መናኸሪያ ውስጥ ወደ ተበላ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ያለች ሴት የያዘችውን ፌስታል ፈታች። የተቀቀለ ስኳር ድንች ነበር፤ ገና ትኩስ፣ ከነልጣጩ፣ አፈር አፈር የሚል። ዞር ብዬ ማየት አልፈለግሁም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው ቅዳሜ ሆነ፤ እኔም አራተኛ ክፍል ሆንኩ። ቲቸር ዘይነባ ሰሌዳው ፊት ቆማ ከእጇ የጠመኔ ብናኝ እያራገፈች፣ «በሉ አሁን እንብላ፤ ፊደልም ባዶ ሆድ አይወድም» አለች።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ ዓይኔን አልገለጥኩም። እስከ ተበላ ድረስ እዚያው ዓመት ውስጥ ቆየሁ።

ትምህርት ቤታችን ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ቤት ውስጥ የምንናገረው ወላይታቶ ነው። ትምህርት ቤትም እስከ አራተኛ ክፍል የምንማረው በወላይታቶ ሆኖ፣ ጽሕፈቱ በላቲን ፊደል ነበር። አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጠን ነበር፤ ፊደሉ ግን አልገባ ያለን ብዙ ነን። ሀ ሁ ሂን እንደ መዝሙር እወጣዋለሁ። አስተማሪው በዱላው ጫፍ ከመሀል አንዷን ፊደል ከነካ ግን ከመጀመሪያው ተነሥቼ ካልዘመርኩ እሷ ጋ አልደርስም።

ይህን ያወቀ ማንም አልነበረም። መጽሐፉን ታላላቆቼ ሲያነቡ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። ገጹን እያየሁ እለዋለሁ፤ አባቴም «አስቴር ጎበዝ ነች» ይላል።

የዚያ ዓመት ነገር የጀመረው በስብሰባ ነው። ከዓመት በፊት ሶዶ ያለ አንድ ድርጅት ቅዳሜ ቅዳሜ ንባብ የሚያስተምሩ ወጣቶችን መላክ ጀምሮልን ነበር፤ ወጪውን ሁሉ ራሱ ይችል ነበር። ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በዓል በኋላ ግን አዲስ ነገር መጣ። ድርጅቱ አስተማሪውንና መጽሐፉን ያመጣል፤ የአስተማሪውን ትራንስፖርትና የልጆቹን መክሰስ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከመንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ ይሸፍን ተባለ። ድጎማው ትንሽ ነው። ለቅዳሜው ከዋለ ለሌላ አይተርፍም። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ወላጆችን ሰበሰበ።

ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ የእኔ ሰዎች ነበሩ። አንዱ አባቴ ነው፤ አናጢ አንጁሎ ይሉታል። ሁለተኛዋ የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ባሎቴ ናት። ባሏ ቀደም ብሎ የሞተባት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት መሪ፣ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ የምትሰማ ሴት ናት። እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን እንሰማለን።

አባቴ ተነሣ። «የአራተኛ ክፍልን ጣሪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለ። «ወንፊት ሆኗል። ማገሩ በስብሷል። ገንዘቡ ጣሪያ ይሥራ።»

አክስቴ ሳትነሣ መለሰች። «አንጁሎ፣ ልጆቹ ደረቅ ሆነው ደንቆሮ ከሚሆኑ ረጥበው ቢያነቡ ይሻላል።»

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «የረጠበ ልጅ ይታመማል፤ የታመመ ልጅ ደግሞ አያነብም፣ እቴ ባሎቴ» አለ።

ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ እጅ ሲወጣ ቅዳሜ በጥቂት እጅ በለጠ። አባቴ «ይሁን» ብሎ ባርኔጣውን አነሣና ሄደ። ከዚያ በኋላ ከአክስቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም። አንዱ ለሌላው የሚለው ነገር ካለ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። «ለአክስትሽ የበሩን ማጠፊያ ሠርቻለሁ በያት።» «ለአባትሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በዪው።» በሁለቱ ቤቶች መሀል ባለው የእንሰት ማሳ ውስጥ ስመላለስ ቃላቸውን እንዳላፈስ በእጄ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ሰሞን ግን እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ዳይሬክተሩና መምህራኑ በአማርኛ ስለ አንድ ሰውዬ ያወራሉ። ስሙ በጀት ነው። መጀመሪያ «በጀት ተይዟል» ሲሉ ሰማሁ። ቆይቶ «በጀት አልተለቀቀም» አሉ። ሰውዬው ምን አጥፍቶ ታሰረ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ከወረዳ ሲመለስ ሞተሩን ሳያጠፋ ገና ከበሩ «በጀት ተለቀቀ!» ብሎ ሲጮህ መምህራኑ ሲጨባበጡ አየሁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን የሒሳብ መምህራችን «ቶሎ ካልተጠቀምንበት ሰኔ ላይ ይቃጠላል» አለ።

ያን ቀን እያለከለክሁ አክስቴ ቤት ደረስኩ። «በጀትን ለምንድነው የሚያቃጥሉት? ገና አሁን ከእስር ቤት ወጥቶ!»

አክስቴ እንሰት የምትፍቅበትን ቀርከሃ ጣለችና ሆዷን ይዛ በሳቅ ተንከባለለች። ሲበቃት ዕንባዋን ጠርጋ፣ «ልጄ፣ ሰው አይደለም፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ግን ልክ ነሽ» አለች። «ከታሰረ ለመፍታት ችግር፣ ከተፈታ ለማቆየት ችግር።»

ቲቸር ዘይነባ የመጣችው በጥቅምት ነው። የደሴ ልጅ ናት። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እንደጨረሰች ድርጅቱ ቀጥሯት እዚያው ቀረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻርፗን ሁልጊዜ ከግንባሯ ወደ ኋላ የምትመልስ። የመጀመሪያው ቀን ቆማ ስሟን በሰሌዳው ላይ ጻፈችና፣ «ወደ ተበላ ተመደብኩ ብዬ ለእናቴ ስደውል ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ‹ማን ተበላ?› ብላ ጮኸች» አለችን። አማርኛው የገባቸው ሳቁ። እኔ የሳቅሁት ሌሎቹ ስለሳቁ ነው። ቤት ገብቼ እናቴን ጠይቄ ቀልዱ ሲገባኝ ግን ብቻዬን እንደገና ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ተራ በተራ እያቀረበች አስነበበችን። ተራዬ ደረሰና መጽሐፉን ይዤ «ላሟ ሣር በላች፤ ጥጃዋም ጠባች» ብዬ አፈሰስኩት። ዘይነባ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች። ከዚያ ጣቷን የመስመሩ መጨረሻ ላይ አሳረፈች። «ይቺስ ምን ትላለች?»

«ላሟ» አልኩ።

ጣቷ የነበረው «ጠባች» ላይ ነው። ከኋላዬ የሚስቅ ተነሣ። ዘይነባ ግን ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «አስቱ መጽሐፉን በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች። ከእናንተ ማን ይችላል?» አለች። ማንም አልቻለም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ደግሞ፣ «የሰማሽው ይበቃል፤ አሁን እናየዋለን» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመክሰስ ሰዓት አጠገቧ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ። የወላጆች ተራ ነበር፤ የተራዋ እናት ስኳር ድንቹን በትምህርት ቤቱ ድስት ቀቅላ በቅርጫት ታመጣለች። ዘይነባ እየላጠች የወላይታቶ ቃል ትጠይቀኛለች። «ውሃ ምንድነው?» «ሃታ።» «ቤትስ?» «ኬታ።» «እህል?» «ካታ።» ከዚያ ሦስቱንም በአማርኛ ፊደል መሬቱ ላይ በእንጨት ትጽፋቸዋለች። «ታ የት አለች? ፈልጊያት።» ታ ሦስቱም ቃላት መጨረሻ ላይ ተቀምጣለች፤ እንደ አንድ እናት ልጆች አንድ ዓይነት እግር አላት። የቤታችን ነገሮች በዚያ ፊደል ተጽፈው ሳይ ደነገጥኩ። ፊደሉ የሌላ ሰው፣ የቢሮ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። ውሃችንን፣ ቤታችንን ያውቃል ማለት ነው?

አክስቴ ዘይነባን ወደደቻት። የአክስቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። «ዘይነባ! አንተ ለምንድነው እንዲህ የከሳው?» ትላታለች። ዘይነባም «እማማ ባሎቴ፣ ወንድ ከሆንኩ ሚስት ይፈልጉልኝ» ትላለች። ለገና ቤቷ ጠራቻት። ሥጋ ቀረበ፤ ዘይነባ አልነካችም። አክስቴ ለእናቴ ቀስ ብላ «የእኛን ሥጋ አይበሉም» ስትላት ሰማሁና ቲቸሬ የሆድ ሕመም አለባት ብዬ ደመደምኩ። ሊሞት የደረሰ ሰው ሥጋ እንደማይበላ ከአያቴ አይቻለሁ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ እግዚአብሔር ሆዷን እንዲፈውስላት ለመንኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ሆድሽ ተሻለሽ?» ብላት ግራ ገባት። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንደሚለያይ ያን ቀን ነገረችኝ። ከዚያ ሻርፗን መለስ አድርጋ፣ «ጸሎትሽን ግን አትመልሺው፤ ለሌላ ቀን ይሆነኛል» አለች። አክስቴም ነገሩን አውቃ ኖሮ በሌላ ቀን ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ፣ በቅቤ ለውሳ፣ «ሥጋ ካልበላ ይህን ይበላል!» ብላ ፊቷ ደረደረችላት። ዘይነባ ሳህኑ እስኪጠረግ ድረስ በላች። እንደ እሷ የሚበላ ሰው አክስቴ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ሚያዝያ ገባ። ዝናቡ በእኛ ቆላ ሲመጣ ነፋሱ ይቀድማል። ማክሰኞ ነበር፤ ትምህርት ላይ ነን። መጀመሪያ አቧራው መጣ፤ ከዚያ ከላያችን አንድ ነገር ሲቀደድ ተሰማ። ቀና ስል ሰማይ አየሁ። ቆርቆሮዎቹ እንደ ወረቀት እየተገለበጡ ወደ በቆሎው ማሳ ሄዱ። አንዱ ግን አልሄደም፤ ወደ ውስጥ ወደቀ። ጓደኛዬን ማርታን ትከሻዋን ቀደዳት።

ማርታን ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሮጠው አባቴ ነው። ከጎኑ ደግሞ ባዶ እግሯን የምትሮጠው አክስቴ ነበረች፤ በነጠላዋ የማርታን ትከሻ ተጭና ይዛ። ተሰፍታ ዳነች፤ ጠባሳው እስካሁን አለ። እነሱ ግን ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ ጎን ለጎን ነበሩ።

በዚያው ሳምንት እንደገና ስብሰባ ተጠራ። እንደገና አጥሩ ላይ ተንጠለጠልኩ። ዳይሬክተሩ፣ «የቀረው ገንዘብ ወይ ለቅዳሜው ነው ወይ ለጣሪያው ነው። ሌላ የለንም» አለ። አክስቴ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ የፈቀደችው ነገር አይቀርም ብዬ አምን ነበር። ለጣሪያ እጅ ሲጠየቅ መጀመሪያ የወጣው እጅ የአክስቴ ነበር።

ከአጥሩ ወርጄ እየሮጥኩ ሄድኩ። አባቴ አሸነፋት፣ ወይም ፈራችው፣ ወይም ደግሞ ዘይነባን ጠላቻት አልኩ በልቤ። የነጠላዋ ደም አልታየኝም። ቤቷ ጠርታኝ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣችና እናቴን፣ «ነገ ልጅቷን ስጪኝ፤ ሶዶ እንሄዳለን» አለቻት።

የድርጅቱ ቢሮ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ዳሞታ ተራራ ከጀርባው ደመና ለብሶ ይታያል። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው በትሕትና ተነሥቶ ተቀበለን፤ ወንበር ሰጠን፤ ለእኔም ሻይ አስመጣ። አክስቴ የምትችለውን አማርኛ ሁሉ አወጣች። ጣሪያው እንደወደቀ፣ ልጅ እንደተጎዳች፣ ትምህርት ቤቱ ለዚህ ዓመት እንደማይችል ነገረችው። «እስከ ክረምት ብቻ እናንተ ቻሉ። ልጆቹ ደርሷል። ሊያነብ ነው።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ እኔ ብችል ዛሬውኑ እልክ ነበር። ትምህርት ቤቱ ድርሻውን ካላዋጣ ግን ፕሮግራሙ ወደሚችል ትምህርት ቤት ይዛወራል። ከላይ የመጣ መመሪያ ነው።»

«ከላይ ያለው እግዚአብሔር ነው» አለች አክስቴ። «ሌላ ማን አለ?»

«ከእሱ ዝቅ ብሎ ያለው ነው ያስቸገረን» አለና ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ስንወጣ ዘይነባ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ከእግሯ ሥር ቦርሳ አለ። አክስቴን አቀፈቻት፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። «ቢጠና መድበውኛል» አለች። «ዛሬ ነው የምሄደው። መናኸሪያ አብረን እንውረድ።»

እኔ አላቀፍኳትም። ከኋላ ከኋላቸው እየተጎተትኩ ሄድኩ። ዘይነባ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመችና ጠበቀችኝ፤ እጄን ያዘች። ከዚያ በአንድ ሱቅ ፊት ቆመች። «ምን ይላል?» አለችኝ።

ቀና አልኩ። ትልቅ ሰሌዳ፣ ቀይ ቀለም። ይህን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም፤ በቃሌ የለም። «ጫ» አልኩ። «ማ። ጫማ። ጫማ ቤት!»

አልሳቀችም፣ አላጨበጨበችም። ወደሚቀጥለው ወሰደችኝ። ፋርማሲ። ዳቦ ቤት። ፎቶ ቤት። «ልብስ ስፌት» ላይ ተደናቅፌ ተነሣሁ። ባጃጆች እየጮኹብን፣ ሰው እየገፋን፣ ያን ቁልቁለት እያነበብን ወረድነው። ሶዶን ብዙ ጊዜ አይቻት ነበር። ያን ቀን ግን ከተማዋ በሙሉ አፍ አውጥታ የምታናግረኝ መሰለኝ። አክስቴ ከፊታችን እየሄደች በየደቂቃው ዞር ትላለች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ነገር ግን «ቶሎ በሉ እንጂ፣ መኪና ያመልጠናል!» ትላለች።

መናኸሪያ ስንገባ ዘይነባ ከተደረደሩት ሚኒባሶች ፊት አቆመችኝ። «የእኔ መኪና የትኛው ነው? ታፔላውን አንብቢና ፈልጊልኝ።»

አንድ በአንድ ሄድኩ። በዴሳ። አርባ ምንጭ። ከዚያ ሌላ። «ቢ» አልኩ። «ጠ። ና።» እንዳነበብኩት ሳይሆን እንዳደረግሁት ተሰማኝ። ባላነበው ኖሮ የማትሄድ ይመስል።

«ጎበዝ» አለች ዘይነባ። ከቦርሳዋ አንድ ስስ የተረት መጽሐፍ አወጣችና ሰጠችኝ። ሽፋኑ ላይ ፍየል አለ። «ይህን ማንም እንዳያነብልሽ» አለችኝ። አክስቴ እጇን በዘይነባ ራስ ላይ ጭና በወላይታቶ መረቀቻት፤ ረጅም ምርቃት ነበር፤ ረዳቱ እንኳ መጥራቱን ትቶ ጠበቀ። ሲያልቅ ዘይነባ «አሚን» አለች።

ወደ ተበላ ስንመለስ አክስቴ በመስኮት እያየች፣ «ያን ቀን እጄን ስላወጣሁ ተቆጣሽኝ» አለች። «የማርታ ደም እስካሁን ከነጠላዬ አልለቀቀም» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ራሴን ጭኗ ላይ አሳረፍኩ።

የጣሪያው ሥራ በግንቦት ተጀመረ። አባቴ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሠራው፤ እንጨቱን ሲጠርብ አክስቴ ምሳ ታመጣለታለች፤ አሁን በእኔ በኩል መላላክ ቀርቷል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ መጽሐፉን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። እግሬ ነው የወሰደኝ። ግቢው ጭር ብሏል። አባቴ ብቻውን ጣሪያው ላይ የመጨረሻዎቹን ቆርቆሮዎች ይመታል።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለኝ ከላይ።

«ቅዳሜ ነው» አልኩ።

መዶሻውን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «በዚህ ሰዓት ምን ታደርጉ ነበር?» አለ።

«ጮክ ብለን እናነብ ነበር።»

«እንግዲያው ግቢና አንብቢ» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አዲስ እንጨት ይሸታል። እዚያው በፊት የምቀመጥበት ዴስክ ላይ ተቀመጥኩና መጽሐፉን ገለጥኩ። ዝናብ የምትፈራ የአንዲት ፍየል ታሪክ ነው። እየተንተባተብኩ ጀመርኩ፤ ከላይ ምስማር ሲመታ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ጥቂት ቃላት እንደሄድኩ መዶሻው ዝም አለ። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አባቴ ተቀመጠ ማለት ነው። ፍየሏ ከዛፍ ዛፍ ስትሮጥ፣ ከደመናው ጋር ስትጣላ፣ ቀስ እያልኩ በራሴ ዓይን ተከተልኳት።

ገጹ ሲያልቅ ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ፤ ሻርፗን ወደ ኋላ እየመለሰች የምትገባ መስሎኝ ነበር። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነው ያለው።

«አለቀ?» አለ አባቴ ከላይ።

«አላለቀም» አልኩና ገጹን ገለበጥኩ።